ለድረ ገጼ የመተማመኛ ማኅተም ልግዛ?

ጥያቄ፦ ደሴ ሸርፍ ተራ ውስጥ ከአባቴ የተረከብሁት የጋቢ፣ የኩታና የነጠላ ሱቅ አለኝ። የእህቴ ልጅ ድረ ገጽ ሠርቶልኝ ዕቃዎቼን በፎቶና በዋጋ አስቀምጫለሁ። በየቀኑ ገብቶ የሚያይ ሰው እንዳለ ቁጥሩ ያሳያል፤ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር ደውለው ዋጋ የሚጠይቁም አሉ። ክፍያ ላይ ሲደርሱ ግን አብዛኞቹ ይተዉታል። አንድ ድርጅት «የተረጋገጠ ድረ ገጽ» የሚል ማኅተም በዓመታዊ ክፍያ ልስጥህ፣ ይህን ከለጠፍህ ደንበኛ ያምንሃል ብሎኛል። ልግዛው? ካልሆነስ ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ አጭሩ መልሴ «አይግዙት» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ምክንያቱን ሳላስረዳ ባልፍ፣ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ማኅተም ይዞ ሲመጣ ጥያቄው እንደ አዲስ ይነሣብዎታልና ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል። ኮምቦልቻ ተቀምጬ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ድረ ገጾች በመጠገንና በመጠበቅ የምተዳደር ስለሆንሁ፣ ይህ ችግር በእርስዎ ብቻ የደረሰ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልነግርዎት እወዳለሁ።

ደንበኛ ሸርፍ ተራ ድረስ ሲመጣ የሚያደርገውን ያስቡት። ጋቢውን ዘርግቶ በጣቶቹ ያሸዋል፤ የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ ክር ብሎ ይጠይቃል፤ ጥለቱን ወደ ብርሃን አቅርቦ ያያል፤ ዋጋው ካልጣመው ጎረቤት ሱቅ ገብቶ ስለ እርስዎም ስለ ዕቃዎም ያጣራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሱቁ ነገም እዚያው ቦታ እንደሚገኝ ያውቃል። በስልክ መስታወት ውስጥ ይህ ሁሉ ይጠፋና ገዢው ከሦስት ስጋቶች ጋር ብቻውን ይቀራል፦ እዚህ ገጽ ላይ የምጽፈውን ሌላ ሰው ያየዋል ወይ? ይህ ሱቅ በእርግጥ ነኝ የሚለውን ነው ወይ? ገንዘቤን ከላክሁ በኋላ ዕቃው ቢቀር ወይም ሌላ ዕቃ ቢመጣ ማንን እይዛለሁ? የእነዚህ የሦስቱ መድኃኒት የተለያየ ነው፤ ማኅተም ሻጮች ግን ሦስቱንም በአንድ ሥዕል እንፈውሳለን ይላሉ።

የመጀመሪያው ስጋት መድኃኒቱ የታወቀና ርካሽ ነው። የድረ ገጽዎ አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ ሲከፈት፣ በገዢው ስልክና በእርስዎ ሰርቨር (ድረ ገጹ በሚቀመጥበት ኮምፒውተር) መካከል የሚመላለሰው ሁሉ ቲኤልኤስ በሚባለው ዘዴ ይመሰጠራል፤ በካፌ ዋይፋይ ላይ አድፍጦ የተቀመጠ ሰው መልእክቱን ሊያነበውም ሊለውጠውም አይችልም። ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰርቲፊኬት፣ ማለትም ገጹ በእርግጥ የዚያ አድራሻ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ሰነድ፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለማንኛውም ድረ ገጽ በነፃ ይሰጣል። ክሮም ብሮውዘር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2018 ወዲህ ይህ በሌለው ገጽ ሁሉ አድራሻ አጠገብ ደኅንነቱ ያልተጠበቀ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ስለሚያሳይ፣ ያለዚህ ሱቅ መክፈት በሩ ላይ «አትግቡ» ብሎ እንደ መጻፍ ነው።

ነገር ግን ብሮውዘሮች በኤችቲቲፒኤስ ገጽ አድራሻ አጠገብ ሲያሳዩት የኖሩት የቁልፍ (የጓጉንቸር) ምልክት የሚመሰክረው ስለ መንገዱ እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ መንገድ ምንም ያህል ቢታጠር፣ አጠገብዎ የተሳፈረው ሰው ኪስ አውላቂ ላለመሆኑ ዋስ አይሆንም። ሰርቲፊኬቱን አጭበርባሪውም በነፃ ያገኘዋል፤ በባንክ ስም ተመስለው ፒን የሚሰበስቡ ገጾችም ዛሬ አብዛኞቹ ይኸው ሰርቲፊኬት አላቸው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2021 ባደረገው ጥናት የዚህን ምልክት ትርጉም በትክክል የተረዱት ከተሳታፊዎቹ 11 በመቶ ብቻ ሆነው በመገኘታቸው፣ በ2023 ቁልፉን ከክሮም አድራሻ መስመር ላይ አንሥቶ በሌላ ገለልተኛ ምልክት ተክቶታል። እርስዎም «ድረ ገጻችን በኤስኤስኤል (የቲኤልኤስ የቀድሞ ስም ነው) የተጠበቀ ነው» የሚል ትልቅ ሥዕል ከፊት ገጹ ላይ መለጠፍ አያስፈልግዎትም፤ ሱቁ በር እንዳለው በማስታወቂያ የሚናገር ነጋዴ የለም።

ሰርቲፊኬት የድርጅቱንም ማንነት እንዲመሰክር ታስቦ ኢቪ የሚባል ውድ ዓይነት ወጥቶ፣ የድርጅቱ ስም በአድራሻው መስመር ላይ በአረንጓዴ ይታይ የነበረበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ተመራማሪ ኬንታኪ ውስጥ ስትራይፕ የሚል ስም ያለው ኩባንያ በሕጋዊ መንገድ አስመዝግቦ፣ ከታዋቂው የክፍያ ድርጅት ጋር አንድ ዓይነት ስም ያለው የኢቪ ሰርቲፊኬት አገኘ። በ2019 ክሮምም ፋየርፎክስም ያንን ስም ከአድራሻው መስመር አነሡት። ስለዚህ «አረንጓዴ ስም ያስገኝልሃል» ብሎ ውድ ሰርቲፊኬት የሚያቀርብልዎት ሰው ቢመጣ፣ የሚሸጥልዎት የቀረ ነገር መሆኑን ይወቁ።

አሁን ወደ ማኅተሙ ልመለስ። በእኛ የገበያ ልማድ ዋስ የሚባለው፣ ባለዕዳው ሲጠፋ ከኪሱ የሚከፍል ሰው ነው። «ሰውየው ጥሩ ሰው ነው» ብሎ ተናግሮ የሚሄድ ምስክር ሊሆን ይችላል እንጂ ዋስ አይባልም። ለድረ ገጽ የሚሸጡ ማኅተሞች አብዛኞቹ ከምስክርም ያነሱ ናቸው፤ ምክንያቱም ለምስክርነቱ የሚከፍላቸው ራሱ የሚመሰከርለት ሻጭ ነው። ይህ በግምት የምናገረው አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ኮንትሮልስካን የተባለውን ድርጅት የከሰሰው፣ ማኅተሙ ላይ የዕለቱን ቀን እያሳየ ድረ ገጾቹን ግን በየዕለቱ የማይመረምር ሆኖ ስላገኘው ነው። በ2014 ደግሞ ትረስቲ የተባለው ስመ ጥር የማኅተም ሰጪ ከ2006 እስከ 2013 ባለው ጊዜ በየዓመቱ አደርገዋለሁ ያለውን ምርመራ ከ1,000 በሚበልጡ ጊዜያት ሳያደርግ መቅረቱ ተገልጾ፣ 200,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እነዚህ በዘርፉ የታወቁ ድርጅቶች ነበሩ፤ ለእርስዎ ስልክ የደወለው ከእነዚህ ይበልጣል ብሎ ለማመን ምክንያት የለኝም።

ሌላም አለ። ማኅተም ሥዕል ስለሆነ ማንም ከሌላ ገጽ ቀድቶ ይለጥፈዋል፤ ይህን ለመከላከል ሲባል ብዙዎቹ ሰጪዎች ሥዕሉን ከራሳቸው ሰርቨር የሚያመጣ አጭር ኮድ በገጽዎ ውስጥ እንዲያስገቡ ያደርጋሉ። ያ ኮድ ገዢው በገጹ ላይ የሚጽፈውን ሁሉ የማየት ሥልጣን አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቤስት ኦፍ ዘ ዌብ የተባለ ድርጅት የሚያድለው የመተማመኛ ማኅተም ኮድ በሰርጎ ገቦች ተበክሎ፣ ማኅተሙን በለጠፉ ከ100 በላይ ድረ ገጾች ላይ ደንበኞች የሚተይቡትን ሲሰልል ተገኝቷል። መተማመንን ያመጣል የተባለው ነገር ራሱ የሌባ በር ሆነ ማለት ነው። እኔ በግሌ በአነስተኛ ሱቅ የክፍያ ገጽ ላይ የሌላ ወገን ኮድ ጨርሶ እንዳይገባ የምከራከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በቀጭን የሞባይል ኔትወርክ ለሚከፍተው ሰው ገጹን ማዘግየቱንም ሳልረሳ።

ሁሉም ማኅተም ከንቱ ነው ግን አልልም። በጀርመን ኮሎኝ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው ትረስትድ ሾፕስ ከማኅተሙ ጀርባ የገዢ መድን አስቀምጧል፤ ዕቃው ባይደርስ ገንዘቡ ለገዢው የሚመለስበት ሥርዓት አለው። ይህ በእኛ አነጋገር ዋስ ነው። ያነጋገረዎትን ድርጅት በዚሁ መስፈርት ይፈትኑት፦ ደንበኛዬ ቢጎዳ እናንተ ምን ያህል ትከፍላላችሁ፣ ድረ ገጼን በየስንት ጊዜው ማን ይመረምረዋል፣ ጉድለት ከተገኘብኝስ ማኅተሙን ትነጥቁኛላችሁ ወይ ብለው ይጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ጠቃሚ ነው፤ ከማንም ላይ የማይነጠቅ ማኅተም ስለማንም ምንም አይናገርምና።

ማኅተሙን ካልገዙ ገንዘቡና ጊዜው የት ይዋል? እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የድረ ገጹ ባለቤት ማን እንደሆነ አጣራ ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ደንበኛዬ ነበሩ፤ ድረ ገጻቸውን የሠራላቸው ተማሪ ዶሜይኑንም (የድረ ገጹን አድራሻ ስም) ሆስቲንጉንም (ገጹ የሚቀመጥበትን የኪራይ ቦታ) በራሱ ኢሜይልና በራሱ የይለፍ ቃል አስመዝግቦ፣ ተመርቆ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። የበዓል ገበያ በደራበት ሳምንት የሰርቲፊኬቱ ዕድሜ አለቀና ገጹን የሚከፍት ሁሉ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያይ ጀመር፤ ተማሪውን በስልክ እስክናገኘው አራት ቀን ፈጀ። ልጁ ክፋት አልነበረበትም፤ ማንም ስላልነገረው ነው። የእህትዎ ልጅም ቅን ልጅ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ይሁንና ዶሜይኑ፣ ሆስቲንጉና የክፍያ አካውንቱ በእርስዎ ወይም በድርጅትዎ ስም ይሁኑ፣ የይለፍ ቃሎቹም በእጅዎ ይግቡ።

የሰርቲፊኬት ነገር ከተነሣ፣ እድሳቱ በሰው ትዝታ ላይ መንጠልጠል የለበትም። የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርቲፊኬት የሚያገለግለው 90 ቀን ነው፤ የሚገዙት ሰርቲፊኬቶችም ዕድሜያቸው እያጠረ ሄዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በተላለፈ የዘርፉ ውሳኔ መሠረት ጣሪያው ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ 200 ቀን፣ በ2029 ደግሞ 47 ቀን ይሆናል። ስለዚህ ሆስቲንግ ሰጪዎ ሰርቲፊኬቱን በራሱ ጊዜ የሚያድስ መሆኑን አሁኑኑ ይጠይቁ። ገጹ በቲኤልኤስ 1.2 ወይም 1.3 ብቻ እንዲሠራም ያድርጉ፤ 1.0 እና 1.1 እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በይፋ የተተዉ ናቸው።

ድረ ገጹ ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም የተሠራ ከሆነ አንድ ነገር ሳይሸፋፍን እንዲመልስልዎት ልጁን ይጠይቁት፦ ቴሙና (የገጹን መልክ የሚሰጠው) ፕላግኢኑ (ተጨማሪ ሥራ የሚያሠራው ቁራጭ ፕሮግራም) ተገዝቶ ወይም ከዋናው ቦታ ወርዶ ነው፣ ወይስ «ኑልድ» የሚሉት የተሰበረ ቅጂ ነው? በአገራችን ዶላርም በውጭ አገር የሚሠራ ካርድም ማግኘት ስለሚቸግር የተሰበረውን ከቴሌግራም ማውረድ እንደ ነውር አይታይም፤ ችግሩን እረዳለሁ። ነገር ግን እነዚህ ቅጂዎች የተደበቀ በር ይዘው እንደሚመጡ በእጄ ከከፈትኋቸው ፋይሎች አውቃለሁ። ውድ የሆነውን ፕላግኢን ሰርቆ ከመጠቀም ነፃ የሆነውን ቀላሉን መጠቀም ይሻላል። ጥቃቱ ምን ያህል ረቂቅ እንደሚሆን ለማየት የብሪቲሽ ኤርዌይስን ነገር ማስታወስ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በድረ ገጹ ውስጥ ሾልኮ የገባ ጥቂት መስመር ኮድ የተጓዦችን የካርድ መረጃ ሲቀዳ ሰነበተ፣ አየር መንገዱም በ2020 የ20 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ተጣለበት። ያ ሁሉ ሲሆን የቁልፉ ምልክት በቦታው ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የክፍያ ገጹ ነው፤ ደንበኞችዎ የሚቆሙበት ቦታ ይህ ስለሆነ ረዘም ብዬ ልቆይበት። ገዢው በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ገንዘብ ሲልክ፣ ማረጋገጫውን ከመጫኑ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣለታል። በድረ ገጹ ላይ የሱቁን ስም እያነበበ እዚያ የማያውቀው የወጣት ስም ቢያይ ምን ያስባል? በእኔ ልምድ ክፍያ ላይ የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በንግድ ስምዎ የነጋዴ አካውንት ይክፈቱ፤ ወይም እንደ ቻፓ ካለ ፈቃድ ያለው የክፍያ መተላለፊያ ጋር ተዋውለው ደንበኛው በእነርሱ ገጽ ላይ እንዲከፍል ያድርጉ። የካርድ ቁጥር በእርስዎ ሰርቨር ላይ በጭራሽ አይቀመጥ፤ ከካርዱ ጀርባ ያለውን ሦስት አኃዝ ደግሞ ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ማስቀመጥ በዓለም አቀፉ የካርድ ኢንዱስትሪ የደኅንነት ደንብ፣ ፒሲአይ ዲኤስኤስ በሚባለው፣ ጨርሶ የተከለከለ ነው።

የክፍያ መተላለፊያ ካለዎት በኋላም ሁለት ስሕተቶች ደጋግመው ይገጥሙኛል። አንደኛው፣ ድረ ገጹ ደንበኛው «እናመሰግናለን» ወደሚለው ገጽ በመመለሱ ብቻ ክፍያ እንደተፈጸመ መቁጠሩ ነው፤ የዚያን ገጽ አድራሻ የሚያውቅ ሰው ሳይከፍል ጋቢ ያዝዛል ማለት ነው። ሰርቨርዎ በግብይቱ መለያ ቁጥር የክፍያ ድርጅቱን መልሶ መጠየቅና የተከፈለው ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ ጋር እኩል መሆኑን ማመሳከር አለበት። ሁለተኛው፣ የክፍያ ድርጅቱ ለድረ ገጽዎ የሚሰጠው፣ ሚስጥራዊ ቁልፍ የሚባለው የይለፍ ኮድ በስልኩ ብሮውዘር ላይ በሚነበበው ኮድ ውስጥ ተጽፎ መገኘቱ ነው። ያንን ቁልፍ ያገኘ ሰው በእርስዎ ስም የክፍያ ድርጅቱን ማዘዝ ይችላል። በእጅ የሚቀበሉት ክፍያ ከሆነ ደግሞ የደረሰኝ ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም፤ ስክሪንሾት በስልክ በሁለት ደቂቃ ይሠራል። በራስዎ አካውንት ገንዘቡ መግባቱን ሳያዩ ዕቃ አይልቀቁ።

ሁለተኛውን ስጋት፣ ማለትም የማንነትን ጥያቄ፣ የሚመልሰው ሊጣራ የሚችል መረጃ ነው። የንግድ ስምዎን ልክ በፈቃዱ ላይ እንዳለ፣ ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎ ጋር በገጹ ግርጌ ይጻፉ፤ የንግድ ፈቃድን በመለያ ቁጥር በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኦንላይን አገልግሎት ማጣራት ስለሚቻል፣ ገዢው ያለ እርስዎ እርዳታ ይፈትሻል። ይህ በነፃ የሚገኝ ማኅተም ነው፤ የሚመሰክርልዎትም ከፍለው የቀጠሩት ሳይሆን መንግሥት ነው። አድራሻዎን «ደሴ» ብለው አይተዉት፤ ሸርፍ ተራ የትኛው በኩል፣ ከምን አጠገብ እንደሆነ ይግለጹ፣ የሱቁን ፊት ከነታፔላው ፎቶ ያንሡ። ደሴ ዘመድ የሌለው ወሎዬ አዲስ አበባ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ደውሎ «እስቲ እዚያ ሱቅ ብቅ በልና እይልኝ» የሚለው ሰው እርስዎ ከሚለጥፉት ሥዕል ሁሉ ይበልጣል። የቴሌግራም ቻናልዎን አድራሻ በድረ ገጹ ላይ፣ የድረ ገጹንም አድራሻ በቻናሉ ላይ ያስቀምጡ፤ በስምዎ የሚከፈት አስመሳይ ቻናል ሲመጣ ደንበኛው እውነተኛውን የሚለይበት ይኖረዋል። ፒንም ሆነ ኦቲፒ (የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር) በስልክ እንደማትጠይቁ በግልጽ ይጻፉ።

ሦስተኛውን ስጋት ማንም ቴክኖሎጂ አይፈታውም፤ የሚፈታው የእርስዎ ውል ነው። ጋቢው ባለ አራት ድርብ መሆኑን፣ ርዝመቱንና ወርዱን በሜትር፣ ክብደቱን በኪሎ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ይሁን የፋብሪካ ክር ሳይሸሽጉ ይጻፉ። የፋብሪካ ክር ነው ብሎ መጻፍ ገዢ ያሸሻል ብለው አይፍሩ፤ በአንዱ ዕቃ ላይ እንዲህ ብሎ የጻፈ ነጋዴ በሌላው ላይ «የእጅ ፈትል» ሲል ይታመናል። ዕቃው በአውቶቡስ የሚላክ ከሆነ የመላኪያ ደረሰኙን ፎቶ አንሥተው ለገዢው በዚያው ዕለት ይላኩ። ያልተስማማው ሰው በስንት ቀን ውስጥ ሊመልስ እንደሚችል፣ የመመለሻውን የትራንስፖርት ዋጋ ማን እንደሚከፍል፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ በአምስት መስመር ይጻፉና በገጹ ላይ «ክፈል» ከሚለው መጫኛ አጠገብ ያኑሩት። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ ውል ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አያጣምና፣ እዚያ የጻፉት ቃል እንደ ወረቀት ውል ይይዝዎታል። አዲስ አበባ ላይ የሚያምኑት ዘመድ ካለዎት፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ዕቃውን አይቶ መክፈል የሚቻልበትን መንገድ እንዲከፍቱ እመክራለሁ፤ ትርፉ ይቀንሳል፣ ግን ከእነዚያ ገዢዎች የሚያገኙት የምስጋና ቃልና ፎቶ ለሚቀጥለው ገዢ ምስክር ይሆናል። አስተያየታቸውን ሲለጥፉ የሚያማርረውንም ከነምላሽዎ ይተዉት፤ ምስጋና ብቻ ያለበት ገጽ ይጠረጠራል።

ከደንበኛው የሚጠይቁትን መረጃም ያሳንሱ። ጋቢ ለመላክ ስም፣ ስልክና የመድረሻ ቦታ ይበቃል፤ የልደት ቀንና የመታወቂያ ቁጥር የሚጠይቅ ቅጽ ገዢውን ከማስፈራቱም በላይ፣ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ፊት የማያስፈልግ ኃላፊነት ያሸክምዎታል።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ይጨርሱ አልልም። ዛሬ ማታ ግን ድረ ገጽዎን ለማያውቅ ሰው፣ ለጎረቤትዎ ወይም ለጎረቤትዎ ልጅ፣ ስልኩን ይስጡትና አንድ ነጠላ እስከ ክፍያው ድረስ እንዲያዝዝ ይጠይቁት። ምንም ሳይናገሩ አጠገቡ ተቀምጠው ጣቱ የት ላይ እንደሚያመነታ ይመልከቱ። የቆመበትን ቦታና በስክሪኑ ላይ ያየውን የተቀባይ ስም ጽፈው ቢልኩልኝ፣ ከየትኛው መጀመር እንዳለብዎት በትክክል ልነግርዎት እችላለሁ።